ክረምት ከባሕር ሲነበብ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስብሰባ ነው። «ስብሰባማ ሰልችቶናል» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። ይሁንና ዛሬ የማነሣቸው ስብሰባዎች ባይኖሩ ኖሮ፣ በየዓመቱ ሚያዝያና ግንቦት ላይ «መጪው ክረምት እንዲህ ይሆናል» ተብሎ የሚነገረን ትንበያ አሁን ያለውን ያህል መሠረት አይኖረውም ነበር። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ዘመኑን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የእኛን ስጠቀም ዓመተ ምሕረት ብዬ እለየዋለሁ።

በጥቅምት 1982 አሜሪካ ውስጥ፣ ፕሪንስተን ላይ፣ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተመራማሪዎች ተሰብስበው ነበር። የመጡት ኤል ኒኞን ለማጥናት ሰፊ ዓለም አቀፍ ዕቅድ ለመንደፍ ነው። ኤል ኒኞ ማለት በየጥቂት ዓመቱ የፓስፊክ ውቅያኖስ መካከለኛውና ምሥራቃዊው ክፍል ከወትሮው በላይ ሲሞቅ የሚመጣው፣ የብዙ አገሮችን ዝናብ የሚያዛባው ክስተት ነው። ሊቃውንቱ ጠረጴዛ ከበው ስለዚህ ጉዳይ ሲወያዩ፣ በዚያ ምዕተ ዓመት እስከዚያ ከተመዘገቡት ኤል ኒኞዎች ሁሉ የበረታው በዚያው ሰሞን ፓስፊክ ላይ እየገነፈለ ነበር። ስብሰባው ግን ይህን አላወቀም።

እንዴት ሳያውቁ ቀሩ? በዚያው ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ቺቾን የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። ወደ ላይ የረጨው ጭጋግ በሳተላይቶቹና በባሕሩ መካከል ተጋረደና፣ ሳተላይቶቹ የባሕሩን ሙቀት ከእውነቱ ዝቅ አድርገው አነበቡት። በአካባቢው ያለፉ አንዳንድ መርከቦች «ውሃው ሞቋል» የሚል ልኬት ልከው ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ ከተለመደው እጅግ ስለራቀ፣ መረጃውን የሚያጣሩት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች እንደ ስሕተት ቆጥረው ጣሉት። ኢኳዶርና ፔሩ በጎርፍ ሲጥለቀለቁ፣ አውስትራሊያ፣ ኢንዶኔዥያና ደቡባዊ አፍሪካ በድርቅ ሲመቱ፣ ነገሩ ጎልቶ ከመውጣቱ በፊት ያስጠነቀቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የተደረሰበት መደምደሚያ ቀላል ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን አሥር ዓመት ፈጀ። ባሕሩን ከሩቅ ማየት አይበቃም፤ እዚያው ውሃው ላይ ቀንና ሌሊት የሚለካ መሣሪያ መትከል ያስፈልጋል። ባለሙያዎቹ ቡዪ የሚሉት እርሱ ነው፤ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የመለኪያ ጣቢያ። ቶጋ በተባለው፣ ከ1985 እስከ 1994 በቆየው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር፣ በሲያትል ከተማ ያለው የአሜሪካ መንግሥት የፓስፊክ ባሕር ምርምር ቤተ ሙከራ መሐንዲሶች ርካሽና ጠንካራ ቡዪ ሠርተው በምድር ወገብ ግራና ቀኝ ይተክሉ ጀመር። በታኅሣሥ 1994 ወደ ሰባ የሚጠጉ ቡዪዎች ያሉት መረብ ተጠናቀቀ። መረቡ ታኦ ይባላል።

የአንዱን ቡዪ አሠራር ላስረዳችሁ። ከላይ የምትታየው ተንሳፋፊ ቀለበት ቅርጽ ያላት ናት፤ ከሁለት ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስፋት አላት፤ ውስጧ ፎም፣ ውጭዋ ፋይበርግላስ ነው። በላይዋ ላይ አጭር ማማ ቆሟል፤ ነፋስ፣ የአየር ሙቀትና እርጥበት የሚለኩ መሣሪያዎች፣ መረጃውን ወደ ሳተላይት የምትልክ አንቴናም አሉበት። ከሥሯ ደግሞ የብረት ሽቦ ገመድ ይወርዳል። በገመዱ ላይ፣ እስከ 500 ሜትር ጥልቀት ድረስ፣ ቴርሞሜትሮች በየርቀቱ ታስረዋል። ከዚያ በታች ናይለን ገመድ ይቀጥልና አንዳንድ ቦታ አራትና አምስት ሺህ ሜትር ወርዶ ባሕሩ ወለል ላይ ከመልሕቁ ጋር ይገናኛል። መልሕቁ ምን መሰላችሁ? ከአገልግሎት የወጣ የባቡር መንኮራኩር! ሁለት ሦስቱ ተደራርበው ታስረው ይጣላሉ። ርካሽ ነው፤ ከባድ ነው፤ ቡዪው ሲነሣም እዚያው ቢቀር ማንንም አይቆጭም።

ቴርሞሜትሮቹ ለምን ያን ያህል እንደሚወርዱ ካልተናገርኩ ዋናውን ነገር ዘለልኩት ማለት ነው። በደኅናው ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍሱት ነፋሳት የፓስፊክን ሞቃት ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ በኩል ገፍተው ያከማቹታል። ነፋሱ ሲዳከም ወይም ለጥቂት ሳምንታት አቅጣጫ ሲቀይር፣ የተከማቸው ሙቀት ከውሃው ገጽ በታች እንደ ሰፊ ሞገድ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ያን ግዙፍ ውቅያኖስ ለማቋረጥ ሁለት ሦስት ወር ይወስድበታል። እንግዲህ አስቡት፤ ሳተላይት የሚያየው የውሃውን የላይኛውን ቆዳ ብቻ ነው። በመቶ ሜትር ጥልቀት የሚጓዘውን ሙቀት በመንገዱ ላይ ሳለ የሚይዘው በገመድ ላይ የታሰረው ቴርሞሜትር ነው። ሙቀቱ ደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ደርሶ ወደ ላይ እስኪወጣ የሚቀሩት እነዚያ ሁለት ሦስት ወራት ለትንበያ ሰው ወርቅ ናቸው። ለገበሬም እንዲሁ፤ ምን ዘር ልግዛ፣ መቼ ልዝራ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነውና።

አሁን ወደ ስብሰባዎቹ ልመልሳችሁ። በ1985 የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅትና የዩኔስኮ በይነ መንግሥታዊ የውቅያኖስ ኮሚሽን አንድ የባለሙያዎች ጉባኤ አቋቋሙ። መጀመሪያ የሚመለከተው በባሕር ጅረት የሚነዱትን፣ መልሕቅ የሌላቸውን ተንሳፋፊዎች ብቻ ነበር። ከ1993 ጀምሮ መልሕቅ ያላቸውንም ጨምሮ የመረጃ ቡዪዎች ትብብር ጉባኤ ሆነ። ይህ ጉባኤ የራሱ መርከብ የለውም፤ የራሱ ቡዪ የለውም፤ ማንንም አገር «ይህን አድርግ» ብሎ የማዘዝ ሥልጣንም የለውም። እንደ እድራችን ነው ብል አላጋነንኩም። አባላቱ የሚያዋጡት በፈቃዳቸው ነው። ሥራውን የሚያስተባብረው የቴክኒክ ባለሙያ ደመወዝ እንኳ ለረጅም ዘመን ሲሸፈን የኖረው አባላት በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። አስተባባሪው ጽሕፈት ቤት ፈረንሳይ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ብሬስት በምትባለው የወደብ ከተማ ይሠራል፤ ኦሽንኦፕስ ይባላል።

ጉባኤው በዓመት አንድ ጊዜ ሲቀመጥ ምን ይነጋገራል? እውነቱን ለመናገር ለውጭ ሰው አሰልቺ ነው። ለምሳሌ የሳተላይት ክፍያ። መረጃ የሚያስተላልፈው አርጎስ የተባለው፣ በፈረንሳይና በአሜሪካ ትብብር በ1978 ሥራ የጀመረው የሳተላይት ሥርዓት ነበር። መንግሥታቱ በተናጠል ቢዋዋሉ ዋጋው ስለሚከብድ፣ ከ1981 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ላይ ሆነው ታሪፍ ሲደራደሩ ኖረዋል፤ ድርድሩም የሚካሄደው ከቡዪው ጉባኤ ጋር ጎን ለጎን ነበር። በኋላ ኢሪዲየም የተባለው የሳተላይት ስልክ ሥርዓት መጣና መረጃው በደቂቃዎች ውስጥ መድረስ ጀመረ። ብዙዎቹ ተንሳፋፊዎችም ወደዚያ ተዛወሩ። ሬዲዮ ላይ ስለ ታሪፍ ማውራት ያስቃል ይሆናል። ሆኖም ታሪፍ ሲወደድ ጣቢያው በቀን የሚልከው ልኬት ይቀንሳል፤ የልኬቱ መቀነስ ደግሞ ትንበያው ላይ ይታያል።

ሌላው የማያልቅ ርእስ ባሮሜትር ነው። በባሕር ጅረት የሚነዳው ተንሳፋፊ ክብ ኳስ መሰል ሲሆን፣ ከሥሩ በ15 ሜትር ጥልቀት ላይ ቀዳዳ ያለው ረጅም የጨርቅ ሸራ ይጎትታል። ሸራው ነፋሱ እንዳይገፋውና ከውሃው ጋር አብሮ እንዲሄድ ያደርገዋል። ዋጋው ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። የውቅያኖስ ተመራማሪዎች የሚፈልጉት የጅረቱን ፍጥነትና የውሃውን ሙቀት ስለሆነ ለእነርሱ ባሮሜትር ቅንጦት ነው። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በሰፊው ባሕር ላይ የአየር ግፊትን የሚለካ ሌላ ነገር እምብዛም የላቸውም፤ ሳተላይት የገጽ ግፊትን በቀጥታ መለካት አይችልም። ታዲያ በጉባኤው አማካይነት ስምምነት ተደረገ፦ አንዱ ተንሳፋፊውን ይገዛል፤ ሌላው የባሮሜትሩን ጭማሪ ዋጋ ይከፍላል፤ መረጃው ለሁሉም በነጻ ይደርሳል። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ባደረገው ጥናት፣ በአንድ ልኬት ሲሰላ፣ ለትንበያ ጥራት ከፍተኛውን አስተዋጽኦ ከሚያደርጉት መረጃዎች ፊተኛው ረድፍ ላይ የተገኙት እነዚሁ የተንሳፋፊ ግፊት ልኬቶች ናቸው። በሚሊዮን ከሚቆጠረው የሳተላይት መረጃ መካከል ማለት ነው! በእኔ ግምት የዚህ ጉባኤ ትልቁ ሥራ ይሄ የባሮሜትር ውል ነው፤ የተጻፈበት ወረቀት ግን ከባለሙያዎቹ በቀር አንባቢ ያለው አይመስለኝም።

የተንሳፋፊዎቹ ብዛት ስንት ይሁን የሚለውም የተወሰነው እንዲሁ በምክክር ነው። ባሕሩን አምስት ዲግሪ ኬክሮስ በአምስት ዲግሪ ኬንትሮስ በሆኑ ካሬዎች ከፋፍለው፣ በየካሬው አንድ ይገኝ ቢባል 1250 ያስፈልጋል አሉ። በመስከረም 2005 በካናዳዋ ሃሊፋክስ ትልቅ የባሕር ሚቲዎሮሎጂ ጉባኤ ሲካሄድ፣ 1250ኛው ተንሳፋፊ ከከተማዋ ፊት ለፊት ባሕር ላይ ተጣለ። ከዓለም አቀፉ የውቅያኖስ መከታተያ ሥርዓት ክፍሎች ግቡን ለመምታት የመጀመሪያው ይህ ነበር። ግን ተንሳፋፊ ባትሪው ያልቃል፤ ሸራው ይበጠሳል፤ ዳርቻ ላይ ይወጣል። ቁጥሩን ለማቆየት በየዓመቱ መቶዎቹን መተካት የግድ ነው።

በየስብሰባው የሚነሣ አንድ ሌላ ችግር አለ፤ ይሄኛው ሰው ሠራሽ ነው። ክፍት ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ማንኛውም ነገር ዓሣ ይሰበስባል። ከቡዪው ገመድ ላይ አልጌና ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ይበቅላል፤ ትንንሽ ዓሦች ይመጣሉ፤ ትንንሾቹን ትልልቆቹ ይከተላሉ። ዓሣ አጥማጁም ይህን ያውቃል። ጀልባውን ቡዪው ላይ ያስራል፤ መረቡን ዙሪያውን ይጥላል። ጀልባዋ ስትጎትት ገመዱ ይበጠሳል፤ አንቴናው ይሰበራል፤ አንዳንዴም መሣሪያው ተፈትቶ ይወሰዳል። ባለሙያዎቹ ለዓሣ አጥማጆች በየቋንቋው በራሪ ወረቀት በትነዋል፤ የቡዪውን አናት ሰው የማይወጣበት፣ ገመድ የማይታሰርበት ሹል አድርገው ቀርጸዋል። ዓሣ አጥማጁን ብቻ መውቀስ ግን ተገቢ አይመስለኝም። ማዕበሉን አስቀድሞ የሚነግረው ያ መሣሪያ እንደሆነ ቀርቦ ያስረዳው ሰው ከሌለ፣ ለእርሱ ባለቤት የሌለው ብረት ነው።

ጉዳቱ ቀልድ እንዳልሆነ ኢንዶኔዥያ አሳይታለች። በ2004ቱ ሱናሚ ማግሥት በባሕሯ ላይ ማስጠንቀቂያ ቡዪዎች ተተክለው ነበር። በመስከረም 2018 ሱላዌሲ ደሴት ላይ የምድር መንቀጥቀጥና ሱናሚ ሲደርስ፣ የአገሪቱ የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት ቃል አቀባይ 22ቱም ቡዪዎች ከ2012 ጀምሮ እንደማይሠሩ ለሕዝብ ተናገሩ። አንዳንዶቹን ሰው ሰብሯቸዋል፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብም አልነበረም።

ጥገና ሲጎድል ሀብታምም ቢሆን አይተርፍም። የፓስፊኩን መረብ የምትንከባከብ አንዲት መርከብ ነበረች፤ ካኢሚሞአና ትባላለች። ከ1996 ጀምሮ በየቡዪው እየዞረች ታነሣለች፣ ባትሪ ትቀይራለች፣ ትተክላለች። በ2012 የአሜሪካ መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ብሎ ከሥራ አስወጣት። ቡዪዎቹ ጠጋኝ ሲያጡ አንድ በአንድ ዝም እያሉ ሄዱ። በ2014 መጀመሪያ ላይ ከመረቡ የሚገኘው መረጃ ወደ አርባ በመቶ ወርዶ ነበር። ኤል ኒኞን ለመያዝ የተዘረጋው ወጥመድ ግማሽ በግማሽ ተበጣጥሶ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን፣ በጥር 2014፣ ካሊፎርኒያ ላ ሆያ ላይ በሚገኘው የስክሪፕስ የውቅያኖስ ተቋም የባለሙያዎች ዐውደ ጥናት ተጠራ። የአሜሪካና የጃፓን መሥሪያ ቤቶች ጉዳዩን በዋናነት ገፍተውበታል፤ ምክንያቱም የምዕራቡን ክፍል ትጠብቅ የነበረችው ጃፓንም ቡዪዎቿን መቀነስ ጀምራ ነበር። ጥያቄው ሁለት ነበር። የተበጣጠሰውን እንዴት እንጠግን? እስከ 2020 ደግሞ ምን ዓይነት ሥርዓት እንዘርጋ? በአንድ በኩል የቆሙት፣ «አርጎ የተባሉት ጠልቀው የሚወጡ ሮቦቶች ስላሉ ቡዪ ይቀንስ» አሉ። በሌላ በኩል፣ «ነፋስና ውሃ እንዴት ሙቀት እንደሚቀያየሩ በየሰዓቱ የሚለካው ቡዪ ብቻ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ተከታታይ መዝገብ ከተቋረጠ አይመለስም» የሚሉ ነበሩ። ከዚያ ስብሰባ የተነሣው መርሐ ግብር ለዓመታት ሠርቶ ያቀረበው ሐሳብ ሁለቱንም አጣመረ፦ በምድር ወገብ ላይ ቡዪዎቹ ይጠናከሩ፣ አርጎ ሮቦቶቹም ይብዙ የሚል ነው። የአሜሪካም መንግሥት ሌሎች መርከቦችን ልኮ መረቡን በዚያው በ2014 ማገገም አስጀመረ።

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ምናችን ነው? ቆጥራችሁ ድረሱበት። መረቡ ባያገግም ኖሮ በቀጣዩ ዓመት፣ በ2015፣ የመጣው ከባድ ኤል ኒኞ ዓይናችንን በከፊል ጨፍነን ባገኘን ነበር። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ሰሜናዊውና ምሥራቃዊው የአገራችን ክፍል በድርቅ ተመታ፤ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ ከአሥር ሚሊዮን በላይ መድረሱ በመንግሥትና በለጋሾች ተገለጸ። ኤል ኒኞ የሰኔ እስከ መስከረም ዝናባችንን ያሳንሳል፤ ወደ እኛ እርጥበት የሚያመጡትን የአየር ዝውውሮች ስለሚያዳክም። የአገራችን ሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ይህን ዝምድና ለወቅት ትንበያ መጠቀም የጀመሩት በ1980ዎቹ ማብቂያ ነው። ዘዴያቸው ብልህ ነበር፤ የዘንድሮው የባሕር ሙቀት ካለፉት ዓመታት የትኛውን ይመስላል ብለው ይፈልጋሉ፤ ያ ዓመት ዝናቡ እንዴት እንደነበር መዝገብ ይገልጣሉ። መዝገቡ ታማኝ የሚሆነው ታዲያ ባሕሩን የሚለካው ሲኖር ነው።

ከ1998 ወዲህ ይህ ሥራ በምሥራቅ አፍሪካ ደረጃ ይከናወናል። በዚያ ዓመት የካቲት ላይ ናይሮቢ ውስጥ የታላቁ የአፍሪካ ቀንድ የአየር ንብረት ትንበያ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ። ዛሬ የሚያዘጋጀው በኢጋድ ሥር ያለው ማዕከል፣ ኢክፓክ ነው፤ አዲስ አበባም አስተናግዳዋለች። በሬዲዮ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» እየተባለ የሚተነተነው ትንበያ ከዚያ መድረክ ጋር የተያያዘ ነው። መድረኩ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ «ባሕሩ እንዴት ነው?» የሚል ነው።

እኛን የሚመለከተው ባሕር ፓስፊክ ብቻ አይደለም። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ላሉት አርብቶ አደሮቻችን የሕንድ ውቅያኖስ ይብስባቸዋል። በ2019 መጨረሻ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሞቆ ምሥራቁ ሲቀዘቅዝ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያና የአገራችን ደቡብ በጎርፍ ተመቱ፤ ያው እርጥበት ለበረሃ አንበጣ መራባት ተስማማ፤ መንጋው ምን እንዳደረሰ የሐረርጌና የወሎ ገበሬ ያውቃል። ይህን ውቅያኖስ ለመጠበቅ ከ2004 ጀምሮ ራማ የተባለ የቡዪ መረብ እየተተከለ ነው። ሕንድ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ጃፓን፣ ቻይናና አሜሪካ ከተሳተፉበት አገሮች መካከል ናቸው። ዕቅዱ 46 ቦታ ነበር። ትልቁ ክፍተት የት እንደቀረ ብነግራችሁ ትገረሙ ይሆናል፦ በእኛው በኩል፣ በምዕራቡ። የሶማሊያ ባሕር ወንበዴዎች በበረቱባቸው ዓመታት የምርምር መርከቦች ወደዚያ መሄድ አቆሙ፤ የታቀዱት ቡዪዎችም ሳይተከሉ ቀሩ።

ከአድማጮቻችን የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ወደብ የሌላት አገር በዚህ ውስጥ ምን ድርሻ ይኖራታል?» የሚል። የእኔ መልስ ድርሻ አላት የሚል ነው። መልሕቅ ያለውን ቡዪ መትከል ትልቅ መርከብ ይጠይቃል፤ የመርከብ አንድ ቀን በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል። በባሕር ጅረት የሚነዳው ተንሳፋፊ ግን እንዲህ አያስቸግርም። ከመላኩ በፊት ሸራው ውሃ ሲነካው በሚሟሟ ማሸጊያ ይታሰራል። አንድ ወይም ሁለት መርከበኛ ከኋላ በኩል ያነሡትና ይጥሉታል፤ መርከቧ መቆምም ፍጥነት መቀነስም አያስፈልጋትም። የንግድ መርከቦች ለአሥርት ዓመታት ይህን በነጻ ሲሠሩ ኖረዋል። በምድር ወገብ አካባቢ ውሃው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስለሚሸሽ ተንሳፋፊዎች ከዚያ ቶሎ ይወጣሉ፤ ስለዚህ አዘውትሮ የሚያልፍና አዘውትሮ የሚጥል መርከብ ይፈለጋል። የኢትዮጵያ መርከቦች ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዓለም ባሕሮች ላይ ናቸው፤ ከጂቡቲ ወጥተው በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚዘልቁም አሉባቸው። በየዓመቱ ጉባኤ ላይ አስተባባሪዎቹ የሚያቀርቡት ልመና «በዚህ ባዶ ቦታ የሚያልፍ መርከብ ያለው ማን ነው?» የሚል ነው። ከእኛ የሚፈለገው የመርከቧ ስም፣ የምትነሣበት ቀንና የምትሄድበት መስመር ነው። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩታችንና የመርከብ ድርጅታችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይህን ቢነጋገሩበት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው እላለሁ።